የገደል ማሚቶና የደረቀው ባሕር

እናቶቻችን ገበያ ወጥተው እንስራ ሲገዙ ዐይናቸውን ብቻ አያምኑም። እንስራውን በአንድ እጃቸው ደገፍ አድርገው በሌላው እጃቸው የጣት አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ሻጯ የፈለገችውን ያህል ብትምልም መልሰው ያስቀምጡታል። ዐይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ አገኘው ማለት ነው። ሐኪምም የታማሚውን ጀርባ በጣቱ ሲመታ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማቀርበው ታሪክ፣ ሰዎች ይህንኑ የእንስራ ገዢ ጥበብ ይዘው ባሕር ላይ ወጥተው፣ የባሕሩን ወለል፣ ከወለሉም በታች ያለውን ምድር ኳ ኳ እያደረጉ ምን እንዳገኙ የሚያወሳ ነው። ያገኙት ነገር ለማመን የሚያስቸግር ስለነበረ ብዙ ሊቃውንት ለማመን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ሳይሆን ከሐይቅ ነው። በ1826 ዓ.ም. ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ወጣቶች በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሁለት ጀልባ ተሳፍረው ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራቁ። ጊዜው ሌሊት ነበር። በአንደኛው ጀልባ ያለው ሰው ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲመታ፣ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ቦግ ይላል። በሌላኛው ጀልባ ያለው ደግሞ አንድ ጫፉ ውኃ ውስጥ የገባ ጥሩምባ መሰል ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ብርሃኑን ካየበት ጊዜ ጀምሮ ድምፁ እስኪደርሰው ሰዓት ይቆጥራል። ዘጠኝ ሰከንድ ከምናምን ሆነ። ከዚህ ተነሥተው ድምፅ በሐይቁ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚጓዝ አሰሉ። ይህ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ በባሕር ውኃ 1,500 ሜትር ገደማ ተብሎ ይታሰባል።

እንግዲህ ፍጥነቱ ከታወቀ የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው። በአገራችን ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ልጅ ሁሉ ማሚቶው ዘግይቶ ከመለሰለት ማዶው ሩቅ፣ ቶሎ ከመለሰለት ቅርብ መሆኑን ያውቃል። መርከብ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተለቀቀ ድምፅ ማሚቶው በአራት ሰከንድ ቢመለስ፣ ሁለቱ ሰከንድ ለመውረጃ፣ ሁለቱ ለመውጫ ነውና የባሕሩ ጥልቀት 3,000 ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቀላል ሒሳብ ሥራ ላይ ለማዋል መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ማንም አልቸኮለም። የሰውን ልጅ ያስቸኮለው ሐዘን ነው። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ከሰጠመች በኋላ፣ ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለ ካናዳዊ መሐንዲስ የውኃ ውስጥ ድምፅ ማሰሚያ ሠርቶ በኤፕሪል 1914 በሰሜን አትላንቲክ ሞከረው። ማሚቶው ከ3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የነበረን የበረዶ ተራራ አሳወቀው። ከበረዶው ማሚቶ ሌላ አንድ ተጨማሪ ማሚቶም ሰማ፤ እሱም ከታች፣ ከባሕሩ ወለል የመጣ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ትኩረቱ ሁሉ ሰርጓጅ መርከብ ወደማደን ዞረ።

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን መርከብ ሜቴዎር ከ1925 እስከ 1927 ደቡብ አትላንቲክን እየተመላለሰች ከ67,000 በላይ የጥልቀት ልኬቶች በድምፅ ወሰደች። ልዩነቱን ለመረዳት ያህል፣ በ1870ዎቹ ዓለምን የዞረችው የእንግሊዟ ቻሌንጀር በሦስት ዓመት ተኩል ጉዞ በገመድና በእርሳስ ክብደት ጥልቅ ባሕር መለካት የቻለችው 500 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ስለ ሜቴዎር ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ለጉዞው ግፊት ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ የታዋቂው ኬሚስት የፍሪትስ ሃበር ህልም ነበር፤ ከባሕር ውኃ ወርቅ አጣርቶ የጀርመንን የጦር ካሣ ለመክፈል ያስብ ነበር። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ወርቅ ግን እሱ ከገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘና ነገሩ ቀረ። ወርቁ ሲቀር የባሕሩ ካርታ ተረፈ።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ወለሉ ነው። ከወለሉ በታች ለማየት ግን ሌላ ዓይነት ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያሻም፤ አፓርታማ ውስጥ መኖር ብቻ ይበቃል። ጎረቤት ሌሊት ሙዚቃ ሲከፍት ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚመጣው የዘፋኙ ድምፅ ወይም ዋሽንቱ ሳይሆን ዱም ዱም የሚለው ቤዙ ነው። ቀጭን ድምፅ ጥቂት ሜትር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ነገር ግን የነካውን ነገር አጥርቶ ያሳያል። ወፍራም ድምፅ ኪሎ ሜትሮች ዘልቆ ይገባል፤ የሚያሳየው ሥዕል ግን ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ጠላቂዎች ጭቃ የዋጠውን መርከብ ሲፈልጉ በቀጭኑ፣ ነዳጅ ፈላጊዎችና የምድር ተመራማሪዎች ደግሞ በወፍራሙ ይጠቀማሉ። በቀጭኑ ከታዩት መካከል በ1545 የሰጠመችው የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ አንዷ ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካዊው ፕሮፌሰር የሃሮልድ ኤጀርተን መሣሪያ ጭቃው ውስጥ የተቀበረ ነገር መኖሩን አሳየና በ1982 መርከቧ ከባሕር ወጣች።

ወፍራሙን ድምፅ ወደ ባሕር ከወሰዱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሞሪስ ዩዊንግ የተባለ የቴክሳስ ሰው ነው። በየብስ ላይ ፈንጂ እያፈነዱ ከከርሰ ምድር የሚመለሰውን ማሚቶ መመዝገብ በ1921 ኦክላሆማ ውስጥ ተሞክሮ ነዳጅ ፈላጊዎችን አበልጽጎ ነበር። ዩዊንግ ይህን ከ1935 ጀምሮ ባሕር ላይ ሞከረ። በ1950ዎቹ ቬማ በተባለች አሮጌ ባለ ሸራ መርከብ ከባልደረቦቹ ጋር ባሕሩን እያቋረጠ፣ ክብሪት የተለኮሰበት ፈንጂ ከኋላ ይወረውር ነበር። ቀልድ ሥራ አልነበረም። በ1954 ማዕበል ዩዊንግን፣ ወንድሙን ጆንንና ሁለት የመርከቧን መኮንኖች ጠርጎ ባሕር ውስጥ ጣላቸው። ሦስቱ ተረፉ፤ አንደኛው መኮንን ግን በዚያው ቀረ። በኋላ ፈንጂው እየቀረ በኤሌክትሪክ ብልጭታና በታመቀ አየር በሚተኩስ መሣሪያ ተተካ። መርከቧ ሳትቆም በየጥቂት ሰከንዱ ይተኮሳል፤ ከኋላ የሚጎተት የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ማሚቶውን ይሰማል፤ ብዕር በወረቀት ላይ መስመር ይስላል። አንዱ መስመር ከሌላው ጎን ሲሰለፍ፣ ሰው ዳቦ በቢላዋ ቆርጦ ውስጡን እንደሚያይ፣ የምድሪቱ ሆድ ንብርብር በንብርብር ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

በ1961 ቼይን የተባለች የአሜሪካ የምርምር መርከብ ይህንን መሣሪያ ይዛ ሜዲትራንያን ገባች። ወረቀቱ ላይ የወጣው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። በሄዱበት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከወለሉ በታች ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ብሎ፣ አንድ ኃይለኛ ማሚቶ የሚመልስ ንብርብር አለ። ስም ስላልነበረው በፊደል «ኤም» ብለው ሰየሙት። ደለል ለስላሳ ነው፤ ድምፅን እንዲህ አድርጎ የሚመልስ ነገር ጠንካራ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ አንዳንድ ቦታ ከጥልቁ ወደ ላይ የሚገፋ ዓምድ መሰል ነገር ታየ። በቴክሳስና በሉዊዚያና ነዳጅ ሲፈልግ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ዓምድ ሲያይ የሚመጣበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው። በሦስት ኪሎ ሜትር ውኃ ሥር፣ ከዚያም በደለል ሥር፣ ጨው ምን ይሠራል?

ማሚቶ ንብርብር እንዳለ ይናገራል እንጂ ንብርብሩ ምን እንደሆነ አይናገርም። እንስራው መሰንጠቁን የሰማችው እናት ስንጥቁን አላየችውም። ለማየት መቆፈር ያስፈልግ ነበር። የምትቆፍረው መርከብ ግሎማር ቻሌንጀር በኦገስት 1970 ከሊዝበን ተነሣች። የሳይንሱ ኃላፊዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ወጣቱ አሜሪካዊ ዊልያም ራያን ነው። ሁለተኛው ኬኔት ሹ በ1929 ቻይና ተወልዶ፣ በ1948 ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ፣ እንደ ብዙዎቻችን በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ከነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ወጥቶ በመጨረሻ ስዊዘርላንድ ያስተምር ነበር። ከእነሱ ጋር የጥቃቅን ቅሪተ አካላት ሊቅ የሆነችው ጣሊያናዊቷ ማሪያ ቢያንካ ቺታ ነበረች።

ከስፔን ጠረፍ ፊት ለፊት ሲቆፍሩ መሰርሰሪያው ያመጣው ነገር ጠጠር ነበር። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ጠጠር! ታጥቦ ሲታይ ደግሞ የባሰ አስገረመ። ወንዝ ከስፔን ተራሮች አምጥቶት ቢሆን የተለያየ የየብስ ድንጋይ ይገኝበት ነበር። የተገኘው ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የደረቀ የባሕር ጭቃ፣ የጀሶ ስብርባሪና ያለ ልክ ያነሱ ቀንድ አውጣና ዛጎሎች ብቻ ናቸው። ማለትም ጠጠሩ የመጣው ከራሱ ከባሕሩ ወለል ነው፤ ወለሉ በአንድ ዘመን ለፀሐይና ለጎርፍ ተጋልጦ ነበር። ቀጥሎ በባሌዓሪክ ደሴቶች አካባቢ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ውኃ ሥር፣ ኤም የተባለውን ንብርብር ራሱን ወጉት። በቧንቧው የወጣው ድንጋይ የጀሶ ዘመድ የሆነው አንሃይድራይት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ድንጋይ የሚፈጠረው የገልፍ አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በሚያውቁት ዓይነት የጋለ ጨዋማ የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ነው። አብሮትም አልጌ የሚባሉት የውኃ አረንጓዴዎች የሠሩት ሽንሽን ድንጋይ ወጣ። አልጌ ደግሞ ያለ ፀሐይ ብርሃን አይኖርም፤ በሦስት ኪሎ ሜትር ጨለማ ውስጥ አልጌ የለም። በጉዞው መጨረሻ፣ ከሰርዲኒያ በስተ ምዕራብ፣ ራሱ የገበታ ጨው ተገኘ።

የሹና የራያን መደምደሚያ አጭር ነበር፦ ሜዲትራንያን ደርቆ ነበር። ሲሰሙት ቧልት ይመስላል፤ በርካታ ሊቃውንትም እንደ ቧልት ቆጥረውታል። ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ከሜዲትራንያን በየዓመቱ የሚተነው ውኃ ዝናብና ወንዞች ከሚያመጡለት እጅግ ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞላው አትላንቲክ ነው፤ እሱም የሚገባው 14 ኪሎ ሜትር በምትሰፋው በጂብራልታር በር ብቻ ነው። በሩ ቢዘጋ ባሕሩ በሺህ ወይም በጥቂት ሺህ ዓመታት ይተናል። ዛሬ ባለን ዕውቀት አፍሪካና አውሮፓ ሲገፋፉ በሩ እየጠበበ ሄዶ፣ የጨው ዘመኑ ከ5.97 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ 5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት አበቃ። የተጠራቀመው ጨው አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል። ባሕሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርቅ የሚተወው ጨው ጥቂት ዐሥር ሜትሮች ነው። ስለዚህ ውኃው አንድ ጊዜ ሄዶ የቀረ ሳይሆን፣ አትላንቲክ እየሾለከ ወይም እየተመላለሰ የጨመረበት መሆን አለበት። ድስት ላይ የተጣደ ጨዋማ ውኃ ሲጎድል እየተጨመረበት ለረዥም ጊዜ እንደ ፈላ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የአፍሪካ የበረሃ አይጦች ወደ ስፔን ተሻግረዋል፤ ቅሪተ አካላቸው እዚያ ተገኝቷል። በእግራቸው ሄዱ እንጂ ቪዛ የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያው ባሕር ላይ ወንድሙን ወይም እህቱን ያጣ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁና ከዚህ አልፌ አልቀልድም።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚጥመው ምስክር የመጣው ከናይል ነው። የአስዋን ግድብ ሲሠራ፣ ኢቫን ቹማኮቭ የተባለ የሶቪየት ጂኦሎጂስት ከወንዙ ሥር የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ያጠና ነበር። ከደለሉ ሥር፣ በጠንካራው ግራኒት ውስጥ የተቦረቦረ ጠባብ ገደል አገኘ። የገደሉ ታች ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከታች ያለው ጭቃ ደግሞ የባሕር ጭቃ ነው፤ የባሕር ቅሪተ አካል ያለበት፣ ከሜዲትራንያን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ! ቹማኮቭ ይህን በ1960ዎቹ በሩስያ ቋንቋ ቢያሳትመውም በምዕራቡ ዓለም እምብዛም ያነበበው አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው ከ1970 በኋላ ነው። ወንዝ የሚቆርጠው እስከሚፈስበት ባሕር ከፍታ ድረስ ነው። ባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ሲወርድ ወንዙም ተከትሎት ለመውረድ መሬቱን እየበላ ገደል ሠራ። ነዳጅ ፈላጊዎች በኋላ በድምፅ ሲያዩ፣ በካይሮ ሥር የተቀበረው ገደል ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በፈረንሳይ የሮን ወንዝም ተመሳሳይ የተቀበረ ገደል አለው። እርግጥ ያን ገደል የቆረጠው ውኃ የእኛ አባይ ነው ብሎ ለመፎከር አይቸኮልም። አባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ግብፅ መድረስ የጀመረው መቼ ነው የሚለው ሊቃውንቱን እስካሁን ያከራክራል፤ በ2019 የወጣ አንድ ጥናት 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲያደርሰው፣ ሌሎች በጣም የቀረበ ጊዜ ነው ይላሉ።

ባሕሩስ እንዴት ተመለሰ? በቲሬኒያን ባሕር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ጀሶው ሲያበቃ፣ ወዲያው በላዩ የጥልቅ ባሕር ጭቃ ይጀምራል። በመካከል የዝግታ ምልክት የለም። በጂብራልታር በኩል አውሮፓንና አፍሪካን ለማገናኘት ለታሰበው ዋሻ የተቆፈሩት ጉድጓዶችና የድምፅ ሥዕሎች ደግሞ ወለሉን ሰንጥቆ የሚሄድ ትልቅ ቦይ አሳዩ። በ2009 ይህን ያጠኑ ስፔናውያን ባወጡት ስሌት፣ አብዛኛው ውኃ የገባው ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ባለ ጊዜ ነው፤ በኃይለኛው ወቅት የባሕሩ ከፍታ በቀን እስከ 10 ሜትር ሊጨምር ይችል ነበር። በ2018 ደግሞ ከሲሲሊ በስተ ምሥራቅ፣ ከወለሉ በታች፣ 160 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ድብልቅልቁ የወጣ የደለል ክምር በድምፅ ታየ፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 860 ሜትር ይደርሳል። አጥኚዎቹ ጎርፉ ጠርጎ ያፈሰሰው ነው ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ አላበቃም። ጨው በጥልቅ ውኃ ውስጥም ሊዘቅጥ ይችላል፣ መድረቅ የለበትም የሚሉ ከመጀመሪያም ነበሩ፤ ንግግራቸውም ከንቱ አልነበረም። በ2024 የወጣ ጥናት ሁለቱንም ወገን በከፊል የሚያስታርቅ ይመስላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ባሕሩ ሳይጎድል ጨው ሲዘቅጥ ቆየ፤ በሁለተኛው ግን በምሥራቁ ክፍል ከ1.7 እስከ 2.1 ኪሎ ሜትር፣ በምዕራቡ 850 ሜትር ያህል ወረደ ይላል። እኔ በበኩሌ የሹን ድፍረት እወደዋለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ የደረቀ በረሃ ብሎ መሳሉ ጥቂት ሳያጋንን አልቀረም።

ወደ እኛ ጠረፍ እንምጣ። ቀይ ባሕርም ከወለሉ በታች ኃይለኛ ማሚቶ የሚመልስ ንብርብር አለው፤ እሱን ደግሞ «ኤስ» ብለውታል። ያችው ግሎማር ቻሌንጀር በ1972 መጥታ ስትወጋው የወጣው ያው ጀሶና ጨው ነው። በ2025 በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የድምፅ ሥዕሎችንና ቅሪተ አካላትን አጣምረው፣ ቀይ ባሕር ከ6.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረና፣ በመጨረሻ የሞላው ከሜዲትራንያን ሳይሆን በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ ያለውን ግርዶሽ ጥሶ በገባው የሕንድ ውቅያኖስ ጎርፍ እንደሆነ ጽፈዋል። የጎርፉ መንገድ የሆነው 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሸለቆ ከባሕሩ ሥር እስከ ዛሬ አለ።

በአፋር ዝቅተኛ መሬት፣ በዳሎል አካባቢ ያለው ጨው ከዚህ ሁሉ በጣም የቅርብ ጊዜ ነው። አፈጣጠሩ ግን አንድ ነው፤ የቀይ ባሕር ውኃ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ፀሐይ ጨረሰችው። ልዩነቱ በላዩ ባሕርም ደለልም አለመኖሩ ነው። ቼይን በ1961 ማሚቶውን ብቻ ሰምታ ያለፈችውን ዓይነት ንብርብር፣ እዚያ ሰዎች ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ በመጥረቢያ እየፈነቀሉ፣ አሞሌ አድርገው እየጠረቡ፣ በግመል ጭነው ወደ ደጋው ሲያወጡ ኖረዋል።